የእምቢታ ትምህርት በፊሪጅ ቢን ማሕሙድ

ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ እኔ የነበርኩ ብቻ ሳልሆን ዋናዋ ተፋላሚ ራሴ ነኝ። ተፋላሚ ስላችሁ ግን ክንዴን አትገምቱ። በሕይወቴ የመታሁት ነገር ቢኖር ምንጣፍ ነው፤ እሱንም አቧራው እንዲወጣለት ብዬ እንጂ ቂም ኖሮን አይደለም። ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ፤ ወጡ ሲቀርብ ግን አላዞርም።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ዶሃ፣ ሙዓይዘር የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መሀል መንገድ ላይ ከወንድ ጋር የተፋጠጠችው። ትዕግሥት ካላችሁ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከሌላችሁም እነግራችኋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የማወራው ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጋር ስለሆነ ሰው ሳገኝ ቶሎ አልለቅም።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ደሴ ነው ተወልጄ ያደግኩት። እኛ ቤት "እምቢ" ማለት ስድብ ነበር ብል አልዋሸሁም። ሰው ቤት ሄደሽ ብዪ ስትባዪ "ጠግቤአለሁ" ትያለሽ። "አፈር ስሆን" ይሉሻል። "ኧረ በቃኝ" ትያለሽ። "በሞቴ" ይሉሻል። ያን ጊዜ ትጎርሻለሽ። መጀመሪያውኑ ባዶ ሆድሽን እንደመጣሽ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ግን ደንቡ ደንብ ነው። እኛ ዘንድ እምቢታ የግብዣው ግማሽ ነው። እናቴ በዚያ ላይ "ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም" እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እውነትም እስከ ዛሬ አንዲት ዝምብ አልገባችብኝም።

ዶሃ ስመጣ ደግሞ የነበረችኝም ድምፅ ተሟጠጠች። ዓረብኛ አንቱታ የለውም። የቤቱ ጌታ ባባም አንተ፣ ማዳምም አንቺ ናት። ያሳደሩኝን ሰዎች አንተ፣ አንቺ ማለት ቢከብደኝ ጊዜ አንቱታውን ድምፄ ላይ አደረግኩት፤ ዝቅ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ። ዓመት በዓመት ዝቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ "ሃዲር ማዳም" ስል፣ እሺ እመቤቴ ማለቴ ነው፣ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ማስክ ታዘዘና ከንፈሬም ተሸፈነ። እሺ ማለቴን ማዳም የምታውቀው በአንገቴ ብቻ ሆነ።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ስታመም ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄዳለች፤ ከምትበላው ነው የምታበላኝ። ድምፅ ግን አላት። እኔ የጎደለኝ ሁሉ እሷ ዘንድ ሞልቶ ተርፏል። ከፎቅ ላይ "ተዓሊ" ስትል፣ ነይ ማለቷ ነው፣ የምነሳው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከአጥር ወዲያ የጎረቤታችን ሠራተኛ ለምለም እጇ ላይ ያለውን ጥላ ትነሳለች። ሾፌራችንን አንድ ቀን "ያላ፣ ሩህ"፣ በል ሂድ፣ ብትለው፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ከአደባባዩ ደውሎ ነው "የት ነው የምሄደው?" ያለው።

ዓርብ ዓርብ ዕረፍት አለኝ። ስንቷ እህቴ ይህን በሕልሟም አታገኘውም፤ ስለዚህ ስናገረው ራሱ ቀስ ብዬ ነው። ቤተሰቡ የዓርብ ምሳውን ከማዳም እናት ቤት ነው የሚበላው፤ ሾፌሩም አብሮ ይሄዳል። እኔ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ከዚያ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ የሚባል ሰፈር ሰናይት የምትባል ጓደኛዬ ጋ ሄጄ በአማርኛ እስቃለሁ፣ በአማርኛ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ እነሱ ሳይመለሱ እገባለሁ። የሳምንቱን ሥራ የምሸከመው በዚህች ቀን ትከሻ ነው። ዓርቤን ከወሰዳችሁብኝ እኔን ከነነፍሴ ወሰዳችሁኝ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ዓርብ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ከፌርማታው እስከ ቤታችን አንድ ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ የቪላ አጥር ብቻ ነው፤ ሱቅ የለ፣ ሰው የለ። አንዲት ነጭ መኪና ከጎኔ ቀስ አለች። መስኮቱ ወረደ።

"ያላ፣ ግቢ፣ ላድርስሽ" አለኝ ሰውየው።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "ሹክራን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቤቴ ቅርብ ነው፣ አንተም አትቸገር" አልኩት። ከመረቅሁት በኋላ ነው ማን እንደሆነ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ።

ሰውየው ወሎዬ አይደለም፤ ደንባችን ግን ገብቶታል። የመጀመሪያዋ እምቢታ እንደማትቆጠር ያወቀ ይመስል በሚቀጥለው ዓርብ መጣ። ከዚያም በሚቀጥለው። ስሜን ጠየቀኝ፤ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ስልኬን ጠየቀኝ፤ "ሌላ ጊዜ፣ ኢንሻአላህ" አልኩት። አሁን ሳስበው በራሴ አፍ ቀጠሮ ሰጥቼዋለሁ። በመጨረሻም መኪናዋን እግረኛ መንገዱ ላይ አውጥቶ ዘጋብኝ፤ በአጥሩና በመኪናዋ መሀል በጎኔ ተሹለክልኬ ነው ያመለጥኩት። በሩ ላይ ስደርስ የቁልፉን ቀዳዳ ማግኘት አቅቶኝ ነበር። እየቀለድኩ የማወራላችሁ ዛሬ ነው እንጂ ያን ቀን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ለማዳም ልንገራት? ብነግራት ለኔ አስባ "በይ ሁለተኛ ከቤት አትውጪ" ትለኛለች፤ ዓርቤ በደግነት ትሞታለች። ለፖሊስ ልሂድ? በሰው አገር ፖሊስ ፊት ቆሜ "ላድርስሽ አለኝ፣ እኔም መረቅሁት" ብዬ ልክሰሰው? ስለዚህ ለሰናይት ነገርኳት።

ሰናይት ሞል ውስጥ ሴኩሪቲ ናት። ለዓለም ዋንጫው ብለው ጥበቃ ሲቀጥሩ ሥልጠና ገብታ ወጥታለች። አጭር ናት፤ ግን ስትቆም የተዘጋ በር ትመስላለች። የምትኖረው ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ ነው፤ አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው፣ ምድጃው በሩ ሥር ነው። ነገሬን ሁሉ ሰምታ አልተቆጣችም፣ አላዘነችም። "ከዛሬ ጀምሮ ትማሪያለሽ" ብቻ አለችኝ።

ደስ አለኝ። በዐይኔ የታየኝ ሰውየውን በአንድ ርግጫ አጥር አሻግሬ ስጥለው ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ ቆምኩ።

"መጀመሪያ የቱ ጋ ልምታው?" አልኳት።

"የትም አትመቺውም። የመጀመሪያው ትምህርት እዚያ አለመገኘት ነው።"

"የት?"

"ጠቡ ያለበት። መንገድ ቀይሪ፣ ሰዓት ቀይሪ፣ ከሰው ጋር ሂጂ።"

"ሁለተኛውስ?"

"መራቅ። እጁ የማይደርስብሽ ቦታ መቆም።"

"ሦስተኛው?"

"ድምፅ።"

"እንግዲህ አራተኛው መምታት ነው" አልኩ ተስፋ ባለመቁረጥ።

"አራተኛው መሮጥ ነው" አለችኝ።

ከፋኝ እንጂ፣ ምን ልበላችሁ። ይህን ሁሉማ እናቴ "ከነገሩ ጦም እደሩ" ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች፤ ለዚህ ደግሞ ሥልጠና ያስፈልጋል? "አንዴ ብቻ፣ ለወጉ እንኳ፣ እግር እንዴት እንደሚነሳ አሳዪኝ" ብዬ ለመንኳት። ስትሰለች ትራስ አነሳችና "በይ እንኪ ይህን ምቺ" ብላ ያዘችልኝ። ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ እግሬን ወረወርኩ። ትራሱ ባለበት ቀረ። ጫማዬ ግን ከእግሬ ወጥቶ፣ በሰናይት ራስ ላይ አልፎ፣ ምድጃው ላይ የተጣደው ምስር ወጥ ውስጥ ገባ። የዓርብ የጦም ምሳችን ነበር። ሰናይት ጫማዬን በጭልፋ አወጣችና አንጠባጥባ ሰጠችኝ።

"አራተኛው መሮጥ የሆነው ለዚህ ነው" አለችኝ።

ያን ዓርብ ዳቦ በሻይ በላን፤ ማንም አልወቀሰኝም፤ እንዲያውም "ለምስሩ ቅመም ጎድሎት ነበር" ያለችኝ አለች። በሚቀጥለው ዓርብ ወደ ሦስተኛው ትምህርት፣ ወደ ድምፁ ገባን። ሰናይት የሥራ ቆቧን ገልብጣ አደረገችና ሰውየውን ሆነች። አረማመዷን ለወጠች፣ ትከሻዋን ነፋች፣ ወደኔ መጣች።

"ያላ፣ ግቢ መኪናው ውስጥ።"

"ኧረ አይሆንም የኔ ጌታ" አልኳት።

"ጌታ አትበዪው። አትሳቂለትም።"

"ማስክ አድርጌ በምን አወቅሽ?"

"ዐይንሽ ይስቃል። ቆፍጠን በይ።"

"ይቅርታ።"

"ይቅርታም አትበዪ።"

"እሺ፣ ይቅርታ።"

ሰናይት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ስሚ እህቴ፣ ያንቺ እምቢታ በር ላይ ቆሞ 'ቤት ለእንግዳ' ይላል" አለችኝ። "አጭር ቃል ያዢ። ሂድ። ራቅ። በቃ። እጅሽን ከፊትሽ አድርገሽ፣ ከሆድሽ አውጪው።"

ከሆዴ ሞከርኩ። የወጣው ግን "ሻይ ይጨመርልህ?" የሚል ዓይነት ድምፅ ነው። የክፍሉ ሴቶች አዘኑልኝና እነሱም ተነሱ። ሁላችንም በክብ ቆመን፣ ሰናይት መሀል ገብታ፣ አንድ ላይ "ሂድ፣ ራቅ፣ ውጣ" እያልን መጮህ ጀመርን። እነሱ ይጮኻሉ፣ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ነገሩ እየደራ ሲሄድ ግን ጎረቤት መኖሩን የረሳነው ሁላችንም ነን።

አጠገባችን ባለው ክፍል ዓርብ ዓርብ የጴንጤዎቹ እህቶች ኅብረት አለ። መሪያቸው እህት መሠረት ናት፤ አል ነስር ሰፈር አንድ ቤት መንታ ልጆች ታሳድጋለች፤ ክንዷም ሁለቱን በአንዴ የሚሸከም ነው። እነሱ በጸሎት ላይ ሳሉ ከግድግዳው ወዲህ "ውጣ፣ ሂድ" የሚል ሰሙ። እንግዲህ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቀን፣ ሐበሾች ተሰብስበው "ውጣ" ሲሉ ከጋኔን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እህቶቻችን ብቻቸውን ከሚታገሉማ ብለው በሩን በርግደው ገቡ። ያዩትም መሀል ላይ ቆብ ገልብጣ፣ ትከሻዋን ነፍታ የምትንጎራደድ ሰናይትን ነው።

እህት መሠረት ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። አንድ እጇን በሰናይት ራስ ላይ፣ አንድ እጇን በክንዷ ላይ አሳረፈች። ሌሎቹም ከኋላ ያዟት።

"ልቀቃት" አለች እህት መሠረት።

"እህት መሠረት፣ እኔ ነኝ እኮ" አለች ሰናይት።

"ዝም በል። አንተ አትናገርም።"

የተያዘ እጅ ማስለቀቂያ ብልሃት ሰናይት በዚያው ዕለት ቀደም ብላ አስተምራን ነበር፤ በያዘሽ ሰው አውራ ጣት በኩል አዙሮ መንጠቅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አዙራ ሞከረችው። አልሠራም። መንፈራገጧ ደግሞ ለእህቶች የበለጠ ማስረጃ ሆነና ጸሎቱ ጨመረ። እኔ ከጥግ ሆኜ "ኧረ ትምህርት ነው፣ ኧረ እሷ ደኅና ናት" እላለሁ። ማን ይስማኝ? አጠገቤ የቆመችው ልጅ እንኳ አልሰማችኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ድምፅ ማጣት ራስን ብቻ ሳይሆን ወዳጅንም ይጎዳል። ሰናይት ዐይኗን ወደኔ አድርጋ ትለምነኛለች፣ እኔ ደግሞ በትሕትና እጄን አወጣለሁ፣ እንደ ተማሪ።

ያዳናት ምድጃው ነው። በግፊያው የተጣደው ሽሮ ተደፋና ሁሉም "ውይ" ብሎ ሲበታተን ሰናይት አራተኛውን ትምህርት ተግባራዊ አድርጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ነገሩ ሲገለጥ ሳቁ ሌላ ነበር። እህት መሠረት እንባዋን እየጠረገች ይቅርታ ጠየቀች፤ ቀጥላም "በሉ እኛንም አስተምሩን፣ መንገዱን እኛም እንሄድበታለን" አለች። ሰናይት "ሂድ በዪ እስቲ" ብትላት፣ አንዴ "ሂድ" ስትል የመስኮቱ መስታወት ነዘረ።

"ይኸው፣ ይህን ነው የምልሽ" አለችኝ ሰናይት።

እህት መሠረት ወደኔ መጥታ እጄን ያዘች። እኔ ማርያምን የማልለቅ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ግን ስትናገር ደስ ትላለች። "የኔ እህት፣ በራስሽ ድምፅ ብቻ እየሞከርሽ እኮ ነው" አለችኝ። "ሰው በማን ስም እንደሚናገር ሲያውቅ ነው ድምፁ የሚወጣው።" እኔ ያን ቀን ስብከት መስሎኝ አሜን ብዬ ተለያየን።

ሳምንቱን ሙሉ የቤት ሥራዬን ሠራሁ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ዘግቼ፣ ማሽኑ ሲሽከረከር ጠብቄ፣ እጄን ዘርግቼ "ኸላስ" እለዋለሁ፤ በቃ ማለት ነው። ማሽኑ ምንም አይመስለውም፤ አንድ ቀን ብቻ ልክ ስጮኽበት ቆመ። ተደስቼ ዞር ስል ማዳም በሩን ከፍታ ቆማለች።

"ምኑ ነው ኸላስ?" አለችኝ።

"ልብሱ፣ ማዳም" አልኳት በከንፈሬ።

ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነክታ ትኩሳት እንደሌለኝ አረጋገጠችና ሄደች።

ድምፁ እምቢ ሲለኝ የመጀመሪያውን ትምህርት ልሞክር አልኩ፤ አለመገኘትን። ከአውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በጀርባ በኩል በጓሮ መንገድ ዞርኩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ችግሩ ሙዓይዘር ውስጥ ቪላ ሁሉ አንድ ነው። አንድ ዓይነት አሸዋማ ቀለም፣ አንድ ዓይነት የብረት በር፣ በሩ ላይ አንድ ዓይነት መብራት። ስዞር ስዞር የኛን የመሰለ በር አገኘሁና ቁልፌን ብሞክር አልገባ አለኝ። ደወልኩ። የማላውቃት ማዳም ከፈተችልኝ፤ ፊቷ በራ፤ "አልሐምዱሊላህ፣ መጣሽ" ብላ የሚያለቅስ ሕፃን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠች። ለካ አዲስ ሠራተኛ ከቢሮ ይላክልናል ብለው ያን ቀን እየጠበቁ ኖሯል።

እናንተ ብትሆኑ "ተሳስተሻል" ትላላችሁ። እኔ ሕፃኑን አባበልኩት። ከዚያ ዳይፐሩን ቀየርኩለት። ከዚያ ሴትዮዋ ወጥ ቤቱን ስታሳየኝ አብሬ ዞርኩ፤ ምድጃቸው ከኛ ይሻላል። እውነተኛዋ ሠራተኛ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ባትደርስ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ሁለታችንም ሐበሾች ነን፤ ተሳሳምን፤ ሕፃኑን አስረከብኳት፣ "ጠርሙሱን ሞቅ አድርጊለት፣ ቀዝቃዛ አይወድም" ብዬ መክሬያት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እነማዳም ቀድመውኝ ገብተዋል። ማዳም በር ላይ ስልኳን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል። ተቆጥታ ብቻ ሳይሆን ፈርታልኝ እንደነበር አየሁ፤ እሱ ነው የባሰው።

"የት ነበርሽ?"

ሰው ቤት ሕፃን ሳባብል ነበርኩ ልበላት?

"ስሚኝ" አለችኝ። "በሚመጣው ዓርብ እኛ ስንመጣ ቤት ካላገኘሁሽ፣ ዓርብ የሚባል ነገር ኸላስ።"

"ሃዲር ማዳም።"

እንግዲህ ማምለጫው ሁሉ ተዘጋ። የጓሮው መንገድ ያስመሽብኛል፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ሰውየው አለ። ባመሽም ዓርቤ ትሄዳለች፣ ብቀርም ዓርቤ ትሄዳለች። ሰናይት በስልክ "እሺ፣ በቀጥታው ሂጂ፣ መሀል መንገዱን ይዘሽ፣ ሌላው ቢቀር ሩጪ" አለችኝ። ጫማዬን በሁለት ቋጠሮ አሰርኩ፤ ከምስሩ ተምሬአለሁ።

ዓርብ ደረሰ። ከአውቶቡስ ወረድኩ። ነጯ መኪና ከቤታችን በቅርብ ርቀት ቆማለች። በዚህ ቀን ሰውየው ውስጥ አልነበረም፤ ወርዶ ኮፈኗን ተደግፎ መንገዱ ላይ ይጠብቀኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቁመቱን አየሁት። የተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ እስር፤ እሱም እንደኛው ሾፌር የሰው ቤት ሾፌር ነው።

"ዛሬስ ስልክሽን ሳትሰጪኝ አታልፊም" አለኝና ወደኔ መጣ።

ወደኋላ ተራመድኩ፣ ሁለተኛው ትምህርት። እጄን ከፊቴ ዘረጋሁ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን "ሹክ..." ነው። "ሹክራን" ልል ነበር፣ አምላኬ ይይልኝ። ሰውየው ሳቀ፤ እጁን ወደ ክንዴ ሰደደ። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ፍርሃትና ንዴት አንድ ላይ ተነሡ። ይህን ሁሉ ዘመን አንገቴን ሰብሬ የኖርኩት ለእንጀራዬ ነው፣ ለዚህኛው ደግሞ በምን ዕዳዬ? እህት መሠረት "በማን ስም" ያለችኝ ትዝ አለኝ። ለካ እኔ ድምፅ የሌለኝ አልነበርኩም፤ ከድምፅ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስኖር ከርሜ፣ እያንዳንዷን አወጣጥ በጆሮዬ አጥንቼአታለሁ።

ማስኬን ወደ አገጬ አወረድኩና በማዳም ድምፅ ጮኽኩ።

"ሹ ሃዛ? ያላ፣ ሩህ። ኸላስ።"

ምንድን ነው ይህ፣ ሂድ፣ በቃ ማለት ነው፤ ትርጉሙ ግን አይደለም ሥራውን የሠራው። ያ የፎቅ ድምፅ ነው፤ ግድግዳ የሚያልፈው፣ ጫፉ ላይ ሳብ የሚለው፣ መልስ የማይጠብቀው። ከኔ ጉሮሮ መውጣቱን እኔም አላመንኩም።

ሰውየው ቀጥ አለ። እጁ ከመንገድ ተመልሶ ጎኑ ላይ ተለጠፈ። አንገቱን ሰበር አደረገ።

"ሃዲር ማዳም" አለ።

ብሎም ወደ መኪናው ሄደ። በሩን ከከፈተ በኋላ ነው ማንን እንደታዘዘ የገባው፤ ዞር ብሎ ሲያየኝ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። በየአጥሩ በር ሠራተኞቹ ብቅ ብለዋል። ለምለም የጓሮ ውኃ መርጫውን ጎማ እንደያዘች ወጥታለች፤ የተጠራች መስሏታል። የኛም በር ተከፈተ። ቀድመው ተመልሰው ኖሮ፣ ሻርፗን በችኮላ ጣል አድርጋ ማዳም ራሷ ቆማለች። የገዛ ድምፅሽ ከውጭ ሲጠራ ብትሰሚ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ማየት ብትፈልጊ የማዳምን ማየት ነበረብሽ።

እኔን አየች፣ የተዘረጋውን እጄን አየች፣ ሰውየውን አየች። ስልኳን አውጥታ የመኪናዋን ታርጋ በፎቶ አነሳች። ሰውየው ሲነዳ ጎማው ጮኸ። የማን ቤት ሾፌር እንደሆነ ለማወቅ ማዳም ሁለት የሰፈር ሴቶች ጋ መደወል ብቻ በቃት፤ ከዚያ አሳዳሪዎቹ ጋ ደወለች፤ የዚያን ዕለት ድምፅዋን ደግሞ እኔም አልችለውም። ያቺ መኪና ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፈችም።

ወጥ ቤት ገብተን ቆምን። ማዳም ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ እሷ ቀድታ እኔ ስጠጣ የመጀመሪያችን ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዓርቤን ትወስጂብኛለሽ ብዬ።"

"እውነትሽን ነው፣ እወስድብሽ ነበር" አለችኝ።

"አሁንስ?" አልኩ። መጠየቄ ራሱ ገረመኝ።

"አሁንማ የማስበው ለመንገደኛው ነው" አለችና ሳቀች። "ዓርብ ያንቺ ነው። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ደውዪልኝ፤ በሩን እከፍታለሁ።"

ልትወጣ በሩ ላይ ደርሳ ግን ተመለሰች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "እኔ እንደዚያ ነው የምጮኸው?"

ይኸውላችሁ እንግዲህ ፈተናው። እናቴ በአንድ ጆሮዬ "ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም" ትለኛለች። ግን አገራችን "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚልም ተረት አላት፤ ማንም ለሠራተኛ አያስተምረውም እንጂ። ፈገግ አላልኩም። ይቅርታም አልጠየቅኩም።

"አዎ ማዳም" አልኳት።

ዞራ ወደ ፎቅ ወጣች።

በማግሥቱ ቤቱ ጭር አለ። "ተዓሊ" የሚል የለም። ቁርስ ሠራሁ፣ አልተጠራሁም። ወለሉን አጸዳሁ፣ አልተጠራሁም። እንግዲህ ቂም ይዛለች፣ ትኬቴን እየቆረጠች ነው ብዬ ሰናይት ጋ ደውዬ "አምስተኛ ትምህርት አለ?" አልኳት። ምሳ ሲደርስ ማዳም ራሷ ደረጃውን ወርዳ መጣች።

"ከጠዋት ጀምሮ ስጠራሽ አትሰሚም እንዴ?" አለችኝ። የተናገረችው ግን ዝቅ አድርጋ፣ ለስለስ አድርጋ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ቂም አልነበረም ለካ። ስትጠራኝ ነው የዋለችው።

ይህ ከሆነ ቆየ፤ ማዳም አሁንም ድምፅዋን መጥና ለመያዝ ትታገላለች፤ አንዳንዴ ይሳካላታል፣ አንዳንዴ ያመልጣታል። ትናንት ከፎቅ የሆነ ነገር ስትል ሰማሁ፤ ቃሉ ግን አልደረሰኝም። ድስቱን አውርጄ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ፣ ከሆዴ "ማዳም፣ አልሰማሁም፣ ትንሽ ጨምሪው" ብዬ ተጣራሁ። ከላይ ሳቋን ሰማሁ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ለምለም ሥራዋን ጥላ ተነሥታ "ሃዲር ማዳም" ብላ መለሰችልኝ።

ለምለምን በሚመጣው ዓርብ ሰናይት ጋ ይዣት እሄዳለሁ። እመቤቷን ያስፈቀደችልን ማዳም ናት። ጫማዋን በሁለት ቋጠሮ አስራ እንድትመጣ ነግሬአታለሁ።